ቂብላው አንድ፣ በሩ የተቆለፈ

በረመዳን ሪያድ ወይም ጅዳ ውስጥ ከዐስር ሰላት በኋላ ያለው ሰዓት የኩሽና ሰዓት ነው። ሹርባው ይንተከተካል፣ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ ተምሩ በሳሕን ይደረደራል። ማዳም፣ የቤቱ እመቤት፣ ጾመኛ ናት፤ ልጆቿም ጾመኞች ናቸው፤ የፈላው ዘይት ላይ ጎንበስ ያለችው የቤት ሠራተኛ፣ የኮምቦልቻዋ ልጅም እንደዚያው። መግሪብ ሲጠራ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያፈጥራል። እርሷ ቆማ አንድ ተምር ጎርሳ፣ ውኃ ተጎንጭታ ወደ መጥበሻዋ ትመለሳለች። ከዚያ የዕቃው አጠባ ይጀመራል። ከተራዊሕ የሚመለሰው እንግዳ ሻይና ቡና ይፈልጋል። ሌሊቱ ጋመስ ሲል ደግሞ ሱሑር አለ። ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ከዓመቱ ሁሉ ጉልበታቸውን የጨረሰው ወር የትኛው እንደሆነ ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሚጠሩት ይህንኑ የተቀደሰ ወር ነው።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት የተወራው ሌላ ነበር። ደላላው ወላጆቿ ቤት ቡና ላይ ተቀምጦ ከደመወዙ ቀጥሎ የሚያነሣት አንዲት ነገር አለችው፦ «የእስላም አገር ነው፤ የምትገባውም እስላም ቤት ነው»። አባትን ደመወዙ ቢያሳምነው፣ እናትን የምታሳምናት ይህች ቃል ናት። ልጅቷ ብቻዋን ባሕር ልትሻገር ነው፤ ግን የምትደርሰው አዛን የሚሰማበት፣ ሥጋው ሐላል የሆነ፣ ሴቱ የሚሸፋፈንበት አገር ነው። ነገሩ ከብርና ከወረቀት በላይ የሆነ ዋስትና ይመስላል።

ይህ ዋስትና የሚሠራው እስከየት ነው? ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲና ከሌሎችም አካባቢዎች ወደ ዐረብ አገር ልጅ ያልሸኘ ቀበሌ ማግኘት ያስቸግራል። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞውን አግዶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማባረር ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፌስታል ይዘው የወረዱትን ሴቶች ያየ ሰው መንገዱ የተዘጋ ሊመስለው ይችል ነበር። አልተዘጋም። እገዳው በጥር 2010 ዓ.ም. ተነሣ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ እስከ 500 ሺህ የሚደርሱ ሴቶች ለቤት ሠራተኛነት ወደ ሳዑዲ እንደሚላኩ ተነግሮ በየክልሉ የተመዝገቡ ጥሪ ተላለፈ።

በዚህ ጉዞ ላይ ሃይማኖት ከእምነትነት አልፎ የሥራ መስፈርት ይሆናል። ኤጀንሲው በሚያዘጋጀው ቅጽ ላይ ከዕድሜ፣ ከቁመትና ከክብደት ጎን አንድ መስመር ተይዞለታል። የሳዑዲ ቀጣሪዎች ሙስሊም ሠራተኛ እንደሚመርጡ ስለሚታወቅም ክርስቲያን ሴቶች ስም እየለወጡ፣ ፎቶ ለመነሣት ሒጃብ እየለበሱ መጓዛቸው አዲስ ወሬ አይደለም። ትዕግሥት ፋጡማ ትሆንና አውሮፕላን ላይ ሰላት አሰጋገድ ስታጠና ትደርሳለች። የዚህች ልጅ ጣጣ በትውልድ ሙስሊም በሆነችው ፋጡማ ላይም ይተርፋል። «እውነተኛ ሙስሊም ነሽ ወይስ የደላላ?» የሚለው ጥርጣሬ ወሎ ውስጥ፣ ወረባቦ ከሚገኝ ቁርኣን ቤት የወጣችውንም ይጠብቃታል። ቁርኣን እንድትቀራ ትጠየቃለች፤ የዐረብኛ አነጋገሯ ይታረማል። አያት ቅድመ አያቷ የሞቱበት እምነት ለፈተና ይቀርባል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ ማንሣት ያሻል። በእስልምና ታሪክ እሙ አይመን በሚል የሚታወቁት በረካ ሐበሻዊት ነበሩ። ነቢዩ ሙሐመድን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ተንከባክበው ያሳደጉ፣ እናታቸው አሚና በመንገድ ላይ ሲሞቱ የስድስት ዓመቱን ልጅ ይዘው መካ የገቡ፣ በኋላም ነፃ የወጡ የቤቱ አገልጋይ ናቸው። ነቢዩም እንደ እናት ይቆጥሯቸው እንደነበር ይነገራል። የወሎ እናቶች ይህንን ታሪክ ያውቁታል፤ ሐበሻ በመካ የተከበረ ስም እንዳለው ሲናገሩም ከሐበሻዊው ሙአዚን ከቢላል ጋር እርሳቸውን ይጠራሉ። ሆኖም ከበረካ ዘመን ወዲህ ባሉት ብዙ ክፍለ ዘመናት ሐበሻዊት ሴት በቀይ ባሕር ማዶ ባሪያ ሆና ስትሸጥ ኖራለች፤ ከታጁራና ከምጽዋ የተጫኑት ብዙዎቹ ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ሳዑዲ ዐረቢያ ባርነትን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። የዛሬዎቹ ማዳሞች አያቶች ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ስለዚህ ኩሽና ውስጥ የቆመችውን ጥቁር ሴት የሚያይ ዓይን ሁለት ነገር ይዞ ያያል፤ የእምነት እኅትን እና የትናንቷን ባሪያ። የትኛው እንደሚያሸንፍ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ልጅቷ ግን ቤቱን አትመርጥም።

ሴትነቷ ከሃይማኖቷ ጋር የሚጋጨው ደግሞ ማንም በማይጠብቀው ቦታ፣ በቤት ውስጥ ነው። ለማዳም ቤት ማለት ዓባያ የሚወልቅበት፣ ፀጉር የሚፈታበት ቦታ ነው። ለሠራተኛዋ ግን የዚያ ቤት ወንዶች ሁሉ፣ ጌታውም ጎልማሳ ልጆቹም፣ ባዕዳን ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ከመነሣቷ ጀምሮ ማታ እስክትተኛ ሻርፕዋን አታወልቅም፤ ወለል ስትጠርግም ሆነ ምድጃ ላይ ስትቆም። አንዳንዷ የምትተኛው ከልጆች ጋር ወይም ቁልፍ በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። እስልምና ሴት ከባዕድ ወንድ ጋር ብቻዋን እንዳትሆን ያዝዛል፤ ማዳም ገበያ በወጣች ቁጥር ግን ያ ትእዛዝ ይፈርሳል፤ የሚያፈርሰውም ራሱ የሥራው ጠባይ ነው። መጥፎ ነገር የደረሰ እንደሆነ ጥፋቱ የማን ተብሎ እንደሚጠየቅ ሁሉም ያውቃል።

የማሕረም ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. እስከ 2020ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ45 ዓመት በታች የሆነች ሴት ያለ ማሕረም፣ ማለትም ያለ ባሏ ወይም ያለ ቅርብ የሥጋ ዘመዷ፣ ሐጅ እንዳትመጣ ትከለክል ነበር። ያው መንግሥት ግን በዚያው ዘመን የ20 ዓመት ልጅ ለብቻዋ በሠራተኛ ቪዛ ስትገባ «ማሕረምሽ የታለ?» ብሎ አልጠየቀም። ለአላህ ቤት የሚያስፈልግ ጠባቂ ለማዳም ቤት አላስፈለገም። ይህንን ተቃርኖ ያነሡ የሃይማኖት አባቶች አሉ። የኢንዶኔዥያ ዑለማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ፈትዋ ሴቶች ያለ ማሕረም ለሥራ ወደ ውጭ መሄዳቸው፣ ከባድ ችግር ካላስገደደ በቀር፣ ሐራም ነው አለ። ፈትዋው ጉዞውን አላቆመውም። ከመሄድ የተሻለ እንጀራ ያላገኘች ሴት «ከባድ ችግር» የምትለውን በር አንኳኩታ አለፈች።

በእኛም አገር ቤተሰብ የልጁን ክብር ለመጠበቅ የራሱን ዘዴ ፈጥሯል። በአማራ ክልል የተደረጉ ጥናቶች እንደመዘገቡት አንዳንድ ልጃገረዶች ከመሄዳቸው በፊት ለጥቂት ጊዜ ይዳሩና ይፋታሉ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ውጭ አገር የሚደርስባት ነገር ቢኖር እንኳ ድንግልናዋን በኒካሕ ሰጥታለች ይባላል። ወላጅ አደጋውን አስቀድሞ አውቆታል ማለት ነው፤ ልጁን ከመላክ ግን አላስቀረውም።

ወደ እምነቱ ጉዳይ እንመለስ። የወሎ እስልምና የራሱ መልክ አለው። ወዳጃ አለ፤ ቡናው ፈልቶ፣ ጫቱ ቀርቦ ሌሊቱን ዱዓ ይደረጋል፣ መንዙማ ይባላል። ዱበርቶቹ፣ እነዚያ ዱዓቸው የሚፈራ ባልቴቶች፣ ለምጥም ለዝናብም ይለምናሉ። ልጅ ስትሄድ አንገቷ ላይ ክታብ ይታሰርላታል። ያ ክታብ ግን ሳዑዲ ውስጥ አደገኛ ዕቃ ነው። የአገሪቱ የሃይማኖት ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሕርን፣ ማለትም ጥንቆላን፣ የሚያሳድድ ክፍል አቋቁሞ ነበር፤ ልጅ በታመመ፣ ባል ከሚስቱ በተኳረፈ ቁጥር በሲሕር የሚጠረጠሩት በብዛት ሠራተኞቹ ናቸው። በዚህ ክስ ሞት የተፈረደባቸው ኢንዶኔዥያውያን ሠራተኞች ነበሩ። እናት ለጥበቃ ያሰረችላት ቆዳ ልጅቷን ከሳሽ ፊት ሊያቆማት ይችላል ማለት ነው። ጥላው የምትሄደው ወይም ማዳም ቆርጣ የምትጥለው ያ ክታብ፣ ልጅቷ ስለ ሃይማኖቷ ከምታገኛቸው የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ ይሆናል። ትምህርቱም «የእናትሽ እስልምና ልክ አይደለም» ይላል።

የሃይማኖት አንድነት በፍርድ ቤት ምን እንደሚመስል ለማየት የሪዛና ናፊክን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ሪዛና ከምሥራቅ ስሪላንካ፣ ሙቱር ከምትባል ደሃ ከተማ የመጣች ሙስሊም ልጅ ነበረች። ወኪሎቹ በፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋን በ6 ዓመት ጨምረው እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ሳዑዲ ላኳት፤ 17 ዓመቷ ነበር። በደረሰች በሳምንታት ውስጥ የ4 ወር ሕፃን በእጇ ሞተ። ገድላዋለች ተብላ ተከሰሰች፤ እርሷ ጡጦ ሳጠባው ታንቆ ነው አለች። የመጀመሪያውን ቃል ስትሰጥ ብቁ አስተርጓሚ አልነበራትም። በሸሪዓው ሕግ መሠረት ይቅርታ የማድረግ መብቱ የሟች ቤተሰብ ነው፤ የስሪላንካ መንግሥትና ሌሎችም ለምነው ነበር። ቤተሰቡ እምቢ አለ። ጥር 2013 እ.ኤ.አ. አንገቷ ተቀላ። ከሳሾቿም እርሷም አንድ ቁርኣን የሚያነቡ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰግዱ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ በፊት የሣራ ባላባጋን ጉዳይ ፊሊፒንስን ያናወጠ ነበር። ሣራ ከሚንዳናዎ ሙስሊሞች ወገን ናት። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች 28 ዓመቷ ነው ተብሎ በተሠራ ወረቀት ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ተላከች። እ.ኤ.አ. በ1994 ሊደፍረኝ ነበር ያለችውን ቀጣሪዋን በጩቤ ገደለች። በ1995 ሞት ተፈረደባት፤ ዓለም ጮኸ፤ የሟቹ ቤተሰብ የደም ካሣ ተቀብሎ ፍርዱ ወደ አንድ ዓመት እስርና 100 ግርፋት ወረደ። ሣራ አገሯ ገብታ ከዓመታት በኋላ ሃይማኖቷን ለውጣ ክርስቲያን ሆነች። ይህን ያደረገችበትን ምክንያት ለእርሷ መተው ይሻላል።

አሁን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንሻገር፤ ማዳም ሙስሊም ወዳልሆነችበት።

ሆንግ ኮንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 150 ሺህ የሚሆኑ ኢንዶኔዥያውያን የቤት ሠራተኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ከጃቫ ገጠር የመጡ ሙስሊሞች። ቀጣሪዎቻቸው ቻይናውያን ናቸው፤ ቤቱ የአሳማ ሥጋ ይቀቀልበታል፤ ውሻም ይታጠብበታል። ጃቫ ባሉት ማሠልጠኛዎች ልጃገረዶቹ ፀጉራቸው ተቆርጦ፣ ሻርፓቸው ወልቆ «አሳማ ታበስያለሽ?» ሲባሉ «አዎን» እንዲሉ ይለማመዱ ነበር። ረመዳንን መጾም የከለከሉ ቀጣሪዎች አሉ፤ ሽማግሌ አዝላ የምትውል ሠራተኛ ትደክምብናለች ብለው። ሰላት በሽንት ቤትና በቁም ሳጥን መሐል ተሸሽጎ ይሰገዳል። ግፍም አይታጣም፤ ኤርዊያና ሱሊስትያኒንግሲህ የተባለችውን ወጣት ለወራት ያሠቃየች ቀጣሪ እ.ኤ.አ. በ2015 የ6 ዓመት እስር ተፈርዶባታል።

ታዲያ በዚያችው ከተማ እሑድ ሲመጣ የሚታየው ነገር ሳዑዲ ውስጥ የማይታይ ነው። የሆንግ ኮንግ ሕግ ለሠራተኛ ከሰባት ቀን አንዱን የዕረፍት ቀን አድርጎ ያስገድዳል። በዚያ ቀን ቪክቶሪያ ፓርክ በኢንዶኔዥያውያን ሴቶች ይሞላል። ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ሒጃብ ይለበሳል፣ ቁርኣን የሚቀሩ ክበቦች ይቀመጣሉ፤ አስተማሪዎቹም ብዙውን ጊዜ ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በናታን ጎዳና ያለው የካውሉን መስጊድ፣ በዋን ቻይ ያለው የዐማር መስጊድ በሴቶች ድምፅ ይደምቃል። መንደሯ ሳለች ሻርፕ ከራስዋ ላይ የሚንሸራተትባት፣ ስለ ሃይማኖቷም ብዙ ያልጠየቀች ልጅ እዚህ ሰባኪ ትሆናለች፤ ገንዘብ ያዥ ትሆናለች፤ ሰልፍ ትመራለች። አገሯ ቢሆን ይህ የወንዶች ሥራ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። አንዲት ሙስሊም ሠራተኛ እምነቷን በነፃነት መኖር መቻሏን የሚወስነው ማዳም መስገዷ አይደለም፤ ልጅቷ በሳምንት አንድ ቀን በሩን ከፍታ መውጣት መቻሏ ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣችው ደንብ ለቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣት ያዝዝ ነበር። ቢከበር እንኳ 15 ሰዓት ሥራ ይተርፍ ነበር ማለት ነው። ሳምንታዊ የዕረፍት ቀንም ተጽፏል፤ ነገር ግን በአሠሪዋ ቤት የምታድር፣ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ያለ ልጅ ከበሩ ውጪ የት ትሄዳለች? ያለ ፈቃድ ወጣች ከተባለ «ሁሩብ»፣ ማለትም ከአሠሪዋ ጠፍታለች የሚል ክስ፣ ይመዘገብባታል፤ ያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ ዋጋ ያጣል፤ ፖሊስ ያያት ቀን እስር ነው። መስጊዱ ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ፣ ሁለት መቶዋ እርምጃ የእርሷ አይደለችም።

ይህ ሲባል በሮቹ ሁሉ የተቆለፉ፣ ማዳሞቹ ሁሉ ክፉዎች ናቸው ለማለት አይደለም። ቀጣሪዎቻቸው ለዑምራ ይዘዋቸው መካ የገቡ፣ ካዕባን ዐይተው ያለቀሱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ የድካማቸውን ዓመታት ያ አንድ ቀን ያካካሰላቸው ይመስላቸዋል፤ ማንም ይህንን ሊያቃልልባቸው አይገባም። ከኩዌት የሚመጣውም ታሪክ ቀላል አይደለም። አጢያ አሕመድ የተባሉ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ እዚያ የሚሠሩ የደቡብ እስያ ሴቶች፣ ሂንዱዎችና ክርስቲያኖች፣ ወደ እስልምና እንዴት እንደገቡ ይተርካሉ። ውጭ ያለ ሰው «ተገድደው ነው» ወይም «ለጥቅም ነው» ይላል። ሴቶቹ የሚናገሩት ሌላ ነው። ከማዳም እናት ጋር እየተቀመጡ፣ ልጅ ሲያስተኙ ዱዓ እየሰሙ፣ በጾም ማዕድ እያቀረቡ ነገሩ ቀስ በቀስ ልባቸው ውስጥ ገባ። ደራሲዋ «ነረም» በሚል የኡርዱ ቃል ላይ ይቆያሉ፤ ለስላሳ፣ ከቦታው ጋር የምትስማማ ማለት ነው፤ ከሴት የሚጠበቅ ጠባይ። ያው ጠባይ በሰው ቤት ለማደር ያስፈልጋል፤ ያው ጠባይ ወደ አዲስ እምነት መንገድ ይሆናል። ሴትነት፣ አገልጋይነትና ሃይማኖት በአንዲት ሴት ላይ እንዲህ ተጠላልፈው ሲገኙ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ለራሷም ያስቸግራታል።

ወሎ፣ ወደ ሐይቅ ከተማ ወይም ወደ ባቲ የምትመለሰዋ ልጅ የሄደችው ልጅ አይደለችም። ዓባያዋ ጥቁር ነው፤ አንዳንዷ ኒቃብ ጨምራለች። ልብሱ ብዙ ይናገራል፤ ሃይማኖቷን አውቃ መምጣቷን፣ ያየችውን ዓለም፣ «ዐረብ አገር ሄዳ ተበላሸች» ለሚል ሐሜት የምትመልሰውን መልስ ጭምር። ሐሜቱ ከእውነት የራቀ እንኳ ቢሆን ተመላሽ ሴትን ተከትሎ መምጣቱ አይቀርም፤ ወንድ ተመላሽን ማንም አይጠይቀውም። እርሷም በተራዋ ትጠይቃለች። የእናቷን ወዳጃ «ቢድዓ ነው፣ በሃይማኖቱ የሌለ ፈጠራ» ትላለች፤ ክታቡን ታስወግዳለች። ደግሞም ቤቱን በቆርቆሮ የከደነው፣ የወንድሟን ትምህርት የከፈለው፣ መስጊድ ሲሠራ ያዋጣው የእርሷ ብር ስለሆነ ቃሏ ይሰማል። ባሌ ውስጥ የሃይማኖት አስተሳሰብን ስለለወጡት ከመዲና የተመለሱ ተማሪዎችና ነጋዴዎች ጥሩ ጥሩ ጥናቶች ተጽፈዋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ወንዶች ናቸው። በሻንጣ ሙሉ ዓባያ ስለተመለሱት ሴቶች ገና ብዙ የሚጻፍ አለ።

ዱበርቲዋ እናትና ተመላሿ ልጅ ግን አንድ ቤት ያድራሉ። አንዷ ሌሊት ቡና አፍልታ ትለምናለች፤ ሌላዋ በሌላ ክፍል ተሐጁድ ትሰግዳለች። ጠዋት እናትየዋ የምትበላው ልጅቷ የላከችውን ነው፤ ልጅቷም ደኅና የተመለሰችው በእናቷ ዱዓ መሆኑን በልቧ ትጠረጥራለች።

ደላላው ነገ ከነገ ወዲያ የአንድ ሌላ ቤት ቡና ላይ ይቀመጣል፤ ታናሽ እኅትም አለች። እናት ሆይ፣ «ቤቱ የእስላም ነው ወይ?» ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት ሌሎቹን ጠይቂ፦ የዕረፍት ቀኗ የትኛው ነው? በዚያ ቀን ከቤት ትወጣለች ወይ? ስልኳ ከማን እጅ ይሆናል? ፓስፖርቷስ? የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ ይቆለፋል? መልሱ በቃል አይበቃም፤ በውሉ ላይ በዐረብኛም በአማርኛም እንዲጻፍ አድርጊ፤ አንዱን ቅጂ ደግሞ ቤትሽ አስቀሪ።